ወደ ኋላ ብቻ የሚነፍስ ኤሲ

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ በምትገኝ ጠባብ ጋራዥ የመኪና ኤሲ እገጥማለሁ። አንድ ቀን ጋሽ ወልዴ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ የጃንሆይ ዘመን ሙስታንግ መኪናቸውን እያስጓሩ መጡ። እንኳን ኤሲ ሬዲዮም የላት።

«ኤሲ ግጠምላት። የሚነፍሰው ግን ወደ ኋላ ብቻ ይሁን» አሉኝ።

«ሹፌሩስ ጋሼ?»

«ሹፌሩ ልጄ ነው፤ ሙቀቱን ይችለዋል።»

የሀብታም አምሮት ነው ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ። የኤሲው ኮምፕረሰር ከሞተሩ አጠገብ አልገባ ብሎ አንገላታኝ። እሳቸው እየመጡ ዱካ ላይ ተቀምጠው እያሳሉ ያዩኛል። በመጡ ቁጥር ኮታቸው ይበልጥ ይሰፋቸዋል። ቱቦውን ወደ ኋላ ስዘረጋ፣ «ከሹፌሩ ወንበር በቀር ሌላውን ሁሉ አውጣው» አሉኝ።

«ታዲያ ሰው የት ይቀመጣል?»

«አይቀመጥም። ጉራጌ አገር ድረስ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ፀሐዩም አይጣል ነው። እኔ ደግሞ የምቀበረው እናቴ አጠገብ ነው። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ልጆቼ ገና አልሰሙም።»

እግዜር ይማርዎት እንዳልል፣ መኪናዋን ለሬሳቸው እያዘጋጀሁ ያለሁት እኔው ነኝ።

ሥራው ያለቀ ዕለት ጫማቸውን አውልቀው መኪናዋ ውስጥ ገቡና ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በል ክፈተው።»

ከፈትኩት። ጋሽ ወልዴ ከተንጋለሉበት ቀና ብለው የኮታቸውን ኮሌታ እስከ ጆሯቸው ሳቡት።

«አንተ፣ ከፊቴ ላይ ወደ እግሬ መልስልኝ! ንፋስ ይመታኛል!»