ከሙጫው ሥር የቀሩት ቤቶች

አጉሊ መነጽሩን ከአንገቱ አውልቆ ስለማያውቅ የሰፈሩ ሰው ጋሽ አጉሊ ይለዋል። ሥራው የድሮ የከተማ ካርታዎችን አባዝቶ መሸጥ ነው። ደንበኞቹ መንገድ የጠፋባቸው ሳይሆኑ የአያታቸውን ጓሮ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። አንዱ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ተክሎ "እዚህ ጋ ነው የተወለድኩት!" ሲል ጋሽ አጉሊ ራሱ ያዋለደው ያህል ደስ ይለዋል።

አንድ ቀን ጡረታ የወጣች ነርስ የተጠቀለለ ካርታ በብብቷ ይዛ እንደ አውሎ ነፋስ ገባች።

"አንተ ጋሽ አጉሊ፣ ቤታችንን የት አደረስከው?"

"የቱን ቤት፣ እትዬ?"

"ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የነበረውን ነዋ! ታናሽ ወንድሜ 'እዚያ ኖረን አናውቅም፣ በሕልምሽ ነው' እያለ ዕድሜ ልኬን ሲያሾፍብኝ ኖሯል። አፉን ላስዘጋው ብዬ በልደቱ ቀን ዘመድ ፊት ካርታህን ዘረጋሁት። ከወፍጮው ጀርባ መንገድ ብቻ! አሁን የልጅ ልጆቹ እንኳ 'ሕልመኛዋ' ይሉኛል።"

ጋሽ አጉሊ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ዋናውን ካርታ ከመሳቢያ አወጣ። ካርታው አራት ቅጠል ወረቀት ነው። ከማባዛቱ በፊት ቅጠሎቹን ጠርዝ በጠርዝ ደርቦ ያጣበቃቸው እሱ ራሱ ነው፤ መጋጠሚያው አይታይም ብሎም ሲኩራራበት ኖሯል። አሁን ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለውን መጋጠሚያ በእርጥብ ስፖንጅ አራሰና ቀስ ብሎ ላጠው። አንድ ጣት ያህል አብዝቶ ደርቦት ኖሯል። ከሥሩ ጥቃቅን ቤቶች ተደርድረው ብቅ አሉ።

"በይ ይቅር በይኝ እትዬ፤ ሰፈራችሁን በሙጫ የዋጥኩት እኔ ነኝ።"

"ለእኔ ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? ተነስ፣ ለሱ ንገርልኝ!"

ካርታውን በካርቶን መሃል አድርገው ተያይዘው ሄዱ። ወንድምየው በር ላይ ተቀበላቸው፤ የሆነውን ሰምቶ አስገባቸውና ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጣቸው። ካርታው ሲዘረጋ አጉሊ መነጽሩን ተዋሰና አጎነበሰ።

"ይቺ ናት? ይቺማ የዶሮ ቤት ታክላለች፣ እታለም።"

"አንተስ ጫጩት ታክል አልነበር? በጀርባዬ አዝዬህ ነው ከዚያ የወጣነው!"

የወንድምየው ዓይን ከወረቀቱ አልተነሳም። ወንበር ሳብ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እሺ፣ በሩ በየት በኩል ነበር?"