የካሴቱ ጀርባ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን በማስተምርበት ኮሌጅ ስለ ኦንላይን ትምህርት ስልጠና ተሰጠን። የልጄ እኩያ የሆነው አሰልጣኝ «ቪዲዮው አጭር ይሁን፤ ተማሪው መልሶ የሚናገርበት ቦታም ተዉለት» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ይህን ነገር መጀመሪያ ያሳየችኝ የድሮ ባልደረባዬ ጥሩነሽ ናት። ያኔ ለእሷ ያላጨበጨብኩትን ዛሬ ለእሱ ላጨበጭብ?

ወጣት ሳለን ሁለታችንም አንኮበር ላይ የርቀት ተማሪዎችን ሂሳብ እናስጠና ነበር። ተማሪዎቹ ሞጁላቸውን በየቤታቸው ያነባሉ፤ እኛ በወር አንድ ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን እንሄድላቸዋለን። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ ሹፌሩ መንገዱን በማሽተት የሚነዳ ይመስለኝ ነበር። ጥሩነሽ የገብስ ቆሎ ታዘግነኛለች፤ እኔም ቆሎዋን እየቆረጠምኩ እቀናባታለሁ። ቅዳሜ እስኪደርስ ለሚቸገሩት ድምጿን በካሴት ቀድታ በአውቶቡስ ትልክላቸው ስለነበር፣ ስሟ ከአፋቸው አይጠፋም።

አንድ ቀን «ለሚቀጥለው ሴሚስተር የሚያስፈልገን አንድ አስጠኚ ነው፤ ተማሪዎቹ ይመርጣሉ» ተባልን። በማግስቱ የዘጠና ደቂቃ ካሴት ገዝቼ፣ አዳም ከገነት ከወጣ ወዲህ የተሰላውን ሁሉ፣ ፊትና ጀርባውን ትንፋሽ ሳልወስድ ሞላሁበትና ላክሁ።

በወሩ ከአልዩ አምባ የሚመጡትን ነጋዴ ተማሪያችንን፣ አቶ ሰይድን፣ ለብቻቸው ያዝኳቸው።

«ካሴቴ እንዴት ነው?»

«ወላሂ መምህር፣ ልጆቹ አልተኛም ሲሉ እሱን እከፍትላቸዋለሁ።»

«የእሷስ?»

«የእሷማ መች ያስተኛል? አሥር ደቂቃ ታወራና ‹አቶ ሰይድ፣ አሁን ያጥፉትና ይሥሩት› ትላለች። በስሜ እየጠራችኝ እንዴት ልተኛ?»

«ጀርባው ላይስ ምን አለች?»

«ምንም። ጀርባው የኛ ነው። የከበደንን ተናግረንበት እንመልስላታለን።»

ስንመለስ፣ ጥሩነሽ መስኮቱን ተደግፋ ስታንቀላፋ፣ ከቦርሳዋ አንድ ካሴት ሰረቅሁ። ቤቴ ገብቼ ጀርባውን ከፈትኩት። አቶ ሰይድ ናቸው፤ ከኋላቸው ፍየል ይጮሃል። «ጥሩዬ፣ ያ መምህር ያሳየን አልገባኝም። እንዳልጠይቀው፣ አንዴ አፉን ከከፈተ ጣልቃ መግቢያ የለውም።»

ተማሪዎቹ እሷን መረጡ። እኔም ብሆን እሷን እመርጥ ነበር፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።

ከስልጠናው በኋላ ለተማሪዎቼ ስምንት ደቂቃ ብቻ ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁና «አሁን እናንተ ተናገሩ» ብዬ ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ለእኔ ግን ክረምት ገብቶ የወጣ መሰለኝ። ጥሩነሽ አውቶቡሱ ካሴቷን እስኪመልስላት ሳምንት ትጠብቅ ነበር። አሁን ደግሞ በትዕግሥቷ ቀናሁ።