የወንድሜ ደረት ፉጨት

የልጅ ልጆቼ በትምህርት ቤት ስለ ሳንባ ተምረው መጥተው፣ «እማማ፣ ጋሼ ዘውዱ ልጅ ሆኖ ትንፋሽ ያጠረው ቀን ምን ነበር የሆነው? አንቺ ንገሪን፣ እኛ እንጽፋለን» ብለው ከበቡኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሳንባ የሚባለውንም የማውቀው ለበዓል ከሚታረደው በግ ነው። ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ ግን ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተመለሰ፤ በበር ስንጥቅ ሾልኮ እንደሚገባ ንፋስ የቀጠነ፣ ሲር ሲር የሚል፣ ከታናሽ ወንድሜ ከዘውዱ ደረት ይወጣ የነበረው ፉጨት። ይኸው እስከ ዛሬ ማንም ሰው አጠገቤ እንደዚያ ሲተነፍስ ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ።

ቤታችን አቃቂ፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። አባታችን ክር ፋብሪካ ይሠራ ስለነበር ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ ተጣብቆበት፣ ያለ ዕድሜው የሸበተ መስሎ ነበር የሚደርሰው፤ እናታችንም ደጅ አቁማ በጨርቅ ካላራገፈችው አታስገባውም ነበር። ከመታመሙ በፊት ዘውዱ እንደማንኛውም ልጅ ነበር፤ እንዲያውም ይብሳል፤ ባቡሩ ከሩቅ ሲጮኽ ከሐዲዱ ጎን ጎን እየሮጠ፣ ታላቅ እህቱን እኔን ኋላ ጥሎ፣ «ነይ እንጂ፣ አንቺ ኤሊ!» እያለ ይሰድበኝ ነበር። በኋላ እንደዚያ ሲሮጥ ባየው ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ መሰላችሁ።

ሕዳር ሲታጠን፣ እንደምታውቁት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጥራጊውን፣ ያረጀ ጫማውን፣ የተቀደደ ሰሌኑን ሰብስቦ በየደጁ ያቃጥላል፤ በሽታ ከጭሱ ጋር ይሄዳል ይባላል። ዘውዱ ይህን ቀን ከገና አስበልጦ ይወደው ስለነበር፣ አንድ ዓመት ከጎረቤት ሁሉ ቆሻሻ እየለመነ የእኛን ክምር ከሁሉም አስበልጦ፣ ጭሱ ውስጥ እየገባና እየወጣ ሲዘል ዋለ። በሽታ በሚባረርበት ቀን በሽታው እሱን አገኘው። ማምሻውን ደረቱ አፏጨ። እናታችን «ብርድ መታው» ብላ መስኮቱን ዘግታ፣ ጋቢ ደራርባ፣ ጀርባውን እያሸች «ሳብ የኔ ጌታ፣ ትንፋሽህን ሳብ አድርግ» ትለው ጀመር፤ እኛም ከሥር ከሥሯ ሳብ፣ ሳብ አልነው። ያን ጊዜ አለፈለት።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሁሉ ጆሮ ሆነ። እሱ ሲያስል ወሬያችንን እናቋርጥ፣ አባታችን ጉርሻውን አፉ ላይ ይዞ ይቆይ ነበር። የበልጉ ዝናብ ሳይገባ፣ አቧራው ሲነሳ ተመለሰበት፤ ወንበሩን አዙሮ ተቀምጦ፣ ክርኖቹን መደገፊያው ላይ ተክሎ፣ ትከሻው ከጆሮው እስኪደርስ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ እኔም ሳላውቀው አብሬው ትንፋሼን እይዝ ነበር። ያም አለፈ። እናታችን ግን «ክረምቱን ብቻ ያሳልፍልኝ» እያለች ያልተሳለችለት ታቦት አልነበረም።

ክረምቱ አላሳለፈልንም። ሐምሌ ላይ፣ ሲዘንብ አድሮ ሲዘንብ በዋለበት ቀን፣ ከምሳ በኋላ ያ ፉጨት ተነሣና አልቆም አለ። አባታችን ሥራ ላይ ነው። እናታችን ዘውዱን አዝላ፣ እኔ የጋቢውን ጫፍ ከጭቃ እያነሳሁ፣ ወንዙ ማዶ ወዳለው ክሊኒክ ወረድን። ስንደርስ የእንጨት ድልድዩ የለም፤ ውሃው ውጦታል። በትልቁ ድልድይ እንዳንዞር መንገዱ ተቆርጧል። ዳር የቆመውን ባለ ጋሪ እናታችን እንዲያሻግረን በመድኃኔ ዓለም ለመነችው።

«እትዬ፣ ፈረሱ እንኳ ፊቱን አዞረ! እኔስ ገና ሚስት አላገባሁም» አላት።

«የምታገባህም አትኑር!» ብላው ዞረች፤ ዘውዱ ጀርባዋ ላይ ሲንፈራፈር ጊዜ ግን አውርዳ አቅፋው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ከንፈሩ ጠቁሯል። የጉሮሮው ሥር በየትንፋሹ ይሰረጉዳል፤ ደረቱ ግን እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሰው ከበበንና ሁሉም በአንድ አፍ «ሳብ! ሳብ አድርግ እንጂ አንተ ልጅ!» ይጮኽበት ጀመር። እኔም ጮኽሁ። በጮኽን ቁጥር ዓይኑ ይፈጥጣል።

ይህን ጊዜ አዴ ጫልቱ መጣች። ከተማው ሳይመጣ በፊት እዚያው ወንዝ ዳር ያርሱ ከነበሩት የኦሮሞ ቤተሰቦች ናት፤ ወተት የምናመጣውም ከእሷ ነበር።

«ምን ትጎለቻለሽ? ወደ ቤቴ አስገቢው!»

«አዴ፣ ልጄ አለቀብኝ!»

«አላለቀም። አንቺ ነሽ ለቅሶውን የጀመርሽበት።»

ቤቷ አስገባነው። ምድጃ ላይ ተልባ ተጥዶ ይንተከተክ ነበርና በጣሳ ቀድታ እጁ ላይ አስያዘችው፤ ደረት የሚፈታው ተልባ ነው፣ ያውም የሚፋጅ ተልባ፣ ብላ የምታምን ሴት ነበረች። ዘውዱ በጭንቀቱ ወደ አፉ ሊያስጠጋ ሲል እጁን ያዘችው።

«ይፋጃል! አፉፊ፣ ኢልመ ኮ! እፍ በል ልጄ፣ መጀመሪያ እፍ በል!»

እፍ አለ። ተቆረጠበት። ሳል አጣደፈው። «እንደገና!» አለችው። አሁንም እፍ አለ፣ ትንሽ ረዘመ። ጣሳው በረድ ማለት ሲጀምር ከድስቱ ጨልፋ ትጨምርበታለች።

«ኧረ ይጠጣው!» አለች እናታችን።

«ምላሱን ልላጠው? ቀዝቃዛ ተልባ ለምን ይበጃል? እፍ ይበል!»

ከውጭ የወንዙ ጩኸት፣ ከውስጥ የዘውዱ እፍታ ብቻ ይሰማ ነበር። እፍታው እየረዘመ፣ ፉጨቱ እየቀጠነ፣ ትከሻው ከጆሮው እየራቀ፣ ከንፈሩ ቀስ በቀስ ወደ መልኩ ተመለሰ። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ፉት አለና ፊቱን አጨማዶ፣ «ማር የለውም» አለ። እናታችን ሳቀች፣ ከዚያ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ወደ ማምሻው ውሃው ጎደለ፤ አባታችን ከነጥጥ ብናኙ እየሮጠ ደረሰና ተሸክሞ አሻገረው፣ ሐኪሙም መርፌ ወጋው። እያደገ ሲመጣ በሽታው እየተወው ሄደ፤ ዛሬ ሳሪስ ነው የሚኖረው፣ ደረጃ ስወጣ ሲያለከልከኝ የሚስቅብኝም እሱ ነው። እናታችን እስክታርፍ ድረስ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ለአዴ ጫልቱ ተልባ ገዝታ ትወስድላት ነበር፤ ሰፈሩም ደረቱ በታመመ ቁጥር ተልባ ይጠጣ ጀመር።

አሁን አስፋልቱ ደጃችን ደርሷል፤ ጤና ጣቢያ ለመሄድም ወንዝ መሻገር ቀርቷል። እናንተም አፋችሁ ውስጥ የምትረጯት መድኃኒት ከቦርሳችሁ አትጠፋም። የሚያስጨንቀኝ ነገር ቀለለ እላለሁ፣ ጆሮዬ ግን አሁንም አያርፍም።

ባለፈው ዓመት ከእናንተ አንዱን እንደዚያው ይዞት ጤና ጣቢያ ወስጄው፣ ተራ እየጠበቅን እንደ ልማዴ «ሳብ፣ ሳብ» ስለው አንዲት ነርስ ሰምታ መጣች። «እናቴ፣ ሳብ አይበሉት» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «አስም ሲነሣ ቀጫጭኖቹ የአየር ቧንቧዎች ይጠብባሉ፤ የገባው አየር መውጫ ያጣና ሳንባው ውስጥ ይከማቻል። ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣ ትኩስ ነገር እንደሚያበርድ ሰው፣ ቀስ ብሎ እፍ ይበል፤ መድኃኒቱ እስኪደርስ ይረዳዋል።» ከዚያ ወዲያ የነገረችኝን አልሰማኋትም። ያን ቀን ወንዝ ዳር፣ አየር አጥቶ የሚሞት መስሎን ሳብ እያልን የጮኽንበት ልጅ፣ ደረቱ በአየር ሞልቶ ማስወጫ አጥቶ ነበር።