የሙቢና የመደበቅ ሕግ

ሙቢና ግትር ናት። ይህን የምለው ወድጃት ነው፤ ግን ግትር ናት። ኢተያ ከገበሬ ቤት ተወልዳ፣ አሰላ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ደም ትመረምራለች፤ ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ሀሰኖ ቤት ትኖራለች። እሁድ እሁድ ከሰዓት ደግሞ የጓደኛችን የፅዮን ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳ ውስጥ እኔንና ፅዮንን ታጫውታለች።

ጨዋታው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ፈጥረን በእሱ ስም እንናገራለን፤ ሙቢና የሚገጥመንን ትተርካለች፤ ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ፣ ማለትም ሃያ ገጹ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር፣ ይጣላል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይሳካል። የእኔ ሰው ሌባ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሒሳብ የማስተምር ጨዋ ሰው ነኝ፤ እሁድ እንኳ ልስረቅ እንጂ።

አንድ እሁድ ሌባዬን ስንዴ ማሳ ዳር ዘበኛ አየው። «ስንዴው ውስጥ ገብቼ እደበቃለሁ» አልኩና ዳይሱን ወረወርኩ። ሃያ መጣ፤ ከሃያ በላይ ቁጥር የለውም።

«አልተደበቅክም ግዛቸው» አለች ሙቢና።

«ሃያ መጥቶልኝ?»

«ዘበኛው እያየህ ነው የገባኸው። ደግሞ ስንዴ ሲረገጥ ይተኛል፤ የረገጥከው መስመር በቀጥታ አንተ ጋ ያደርሰዋል። ዳይስ የሚጣለው ለሚያጠራጥር ነገር ነው። እዚህ ምኑ ያጠራጥራል?»

ደሜ ፈላ። ኮፒ ያደረግነውን የጨዋታውን ደንብ አውጥቼ ጣቴን መስመሩ ላይ ተከልኩ፤ የሚሸፍነው ነገር ያገኘ ሰው መደበቅ ይችላል ይላል። እሷ ወይ ፍንክች። ስንዴን ከአውቶቡስ መስኮት በቀር የማላውቅ የአዲስ አበባ ልጅ መሆኔንም ጨምራ ነገረችኝ። የእሷ ሕግ አጭር ናት፦ ከለላ ይኑርህ፣ ስትገባ ማንም አይይህ፣ ከዚያ ድምፅ አታሰማ። ሌባዬ ተያዘ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

ለጋሽ ሀሰኖ ግን ዳይስ ማለት ቁማር ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ቦርሳዋ ውስጥ ዳይስ አገኙና «ሁለተኛ ይህን ነክተሽ ብሰማ ቤቴ አታድሪም» አሏት። ከዚያ ወዲህ ጓዳው ላይ መጋረጃ ሰቅለን ነው የምንጫወተው።

ባለፈው ወር፣ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የጋሽ ሀሰኖ ድምፅ ከሱቁ በኩል መጣ። ዳይሱን በመዳፌ አፈንኩ። ፅዮን ወጣች።

«ሙቢና እዚህ ትመጣለች የሚሉኝ እውነት ነው?» ሲሉ ሰማሁ።

«እንዳትነሺ» አልኳት ለሙቢና በሹክሹክታ። በራሷ ሕግ ሙሉ ለሙሉ ተደብቃ ነበር፤ ከለላ አለ፣ ስትገባ አላዩዋትም፣ ድምፅ አላሰማችም። በጓሮ በር መውጣትም እንችል ነበር።

ዳይሱን ከመዳፌ ፈልቅቃ ወሰደችና ወጣች። መጋረጃውን ከኋላዋ መልሳ ዘጋችው።

«አለሁ ጋሼ። ዳይሱም ይኸው። ቁማር አይደለም ብዬዎት ነበር፤ አላመኑኝም።»

«ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረውኛል። ስምንት ወር ሙሉ ተደብቄ መጣሁ። ምን ሰረቅኩ? ከእንግዲህ አልደበቅም።»

«እንግዲያው ልብስሽን ከቤቴ አውጪ» አሉ፤ ድምፃቸው ሰለለ። «ከማን ጋር ነው?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ለእኔ ብላ ነው። የጋሽ ሀሰኖ ልጅ የሚማረው እኔ ዘንድ ነው፤ መምህሩ ቁማርተኛ ነው ከተባለ አሰላ ላይ ስሜ ጠፋ ማለት ነው። እሷ ቤቷን አጥታ እኔ መጋረጃ ተከልዬ ቁጭ ብያለሁ። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ። ወጣሁ።

«እኔም አለሁበት ጋሽ ሀሰኖ።»

«መምህር» አሉ። ወጥተው ሄዱ።

ሙቢና ዞራ ገላመጠችኝ። «አንተን ማን ውጣ አለህ?» አለች። እንባዋ ግን መጣ።

አሥር ሰዓት ላይ ሻንጣዋን ልናወጣ ሄድን። ፅዮን የራሷ አክስት ዘንድ አንድ ክፍል አግኝታላት ነበር፤ ሰው እንዳያየን በውስጥ ለውስጥ የሚያቋርጠውን መንገድም ነገረችን። ሙቢና እንቢ አለች። ሻንጣውን ትከሻዬ ላይ አደረግኩና በዋናው አስፋልት፣ የእሁድ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲንሸራሸር፣ መሃል ለመሃል ሄድን። ተማሪዎቼ ቆመው አዩን። ሰላም ሲሉኝ ሻንጣውን ሳላወርድ እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠራሁ መለስኩ።