ያልተረጎምኩት ሕመም

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ሰው ማማቴን ነግሬያቸዋለሁ፣ ጾም መሻሬንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ይሄ ግን ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ዛሬ ለማላውቅህ ለአንተ መናገር የደፈርኩት ፊትህን ስለማላይ ይመስለኛል።

ሞያሌ ውስጥ፣ ኬንያ በኩል፣ ትንሽ ሆቴል አለችኝ። ስዋሂሊን እንደ ውሃ ነው የምጠጣው፤ ስለዚህ የእኛ ሰው ፖሊስ ጣቢያም ሆነ ክሊኒክ ሲሄድ እኔን አስከትሎ ነው። በዚህ እኮራ ነበር፣ አልዋሽህም። ጋሽ ታደሰ ደግሞ የሆቴሌ ሥጋ ቆራጭ ነበር፤ ከጎጃም የመጣ፣ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ፣ ሳቂታ ሰው። ኦሮምኛ ለገበያ የሚበቃውን ያህል ለመደ፤ ስዋሂሊ ግን እምቢ አለው። በሰፈራችን በስመ አብ ብሎ የሚያርድ ሌላ ሰው አልነበረም። ክርስቲያኑ ደግሞ ክርስቲያን ያላረደውን አይበላም። ጋሽ ታደሰ ከሌለ ፋሲካም የለም ማለት ነው።

የሕማማት ማክሰኞ ከሄሉ ሰፈር ዳገቷን ወጥቶ መጣና የሆቴሌን በር ተደግፎ ቆመ። "ሰለሞኔ፣ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ" አለኝ። ዳገት ስወጣ ይመጣል፣ ቁጭ ስል ይተወኛል፣ ግራ ክንዴን አልፎ መንጋጋዬ ድረስ ያመኛል አለ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሲያደርገው ሰንብቷል። ይዤው ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ከናይሮቢ በኩል የመጣ ወጣት ነው፤ አማርኛም ኦሮምኛም አይሰማም። ምዜው፣ ሽማግሌው ማለቱ ነው፣ ሲራመድ ያመዋል? ሕመሙ ወደ እጁ ይሄዳል? ሲያርፍስ ይለቀዋል? ብሎ ጠየቀኝ። እንዲያ ከሆነ ልቡ ሊሆን ስለሚችል፣ የልብ ኢሲጂ ማሽን ወዳለበት ሆስፒታል ዛሬውኑ እልከዋለሁ፣ ሥራም አይሠራም አለ።

ጥያቄውን ሰምቻለሁ። መልሱንም ቀድሜ ሆቴሌ ደጃፍ ላይ ሰምቼው ነበር። እኔ ግን ወደ ጋሽ ታደሰ ዞሬ "ምግብ ይስማማሃል ወይ ይልሃል" አልኩት። "ኧረ በዚህ ጾም ምን ምግብ አለ!" አለኝ። ለሐኪሙ "ኒ ቱምቦ ቱ፣ ዳክታሪ" አልኩት፤ ሆዱ ብቻ ነው፣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው ሲጾም፣ ጨጓራው ተነስቶበት ነው። ጋሽ ታደሰ እጁን ከደረቱ ላይ አላነሳም ነበር። ሐኪሙ ይህን አይቶ "ደረቱስ?" ሲለኝ፣ ንፋስ ሽቅብ እየገፋው ነው አልኩ። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶን ወጣን።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ከጎልቦ ቆላ የመጣው የፋሲካ በሬ ከማዕድ ቤቴ ጀርባ ታስሯል። ለሾፌሩም ለነጋዴውም፣ ጾሙን የምትገድፉት እኔ ጋ ነው ብዬ ለፍፌ ጨርሻለሁ። ግን ደግሞ ጨጓራ ነው ብዬም አምኜ ነበር። እኛ ዘንድ በጾም ወራት ጨጓራ ያልሆነ ምን አለ? ራስ ቢያዞር ጨጓራ፣ ደረት ቢወጋ ጨጓራ። አምኜ ነበር? ካመንኩ ጥያቄውን ለምን ቀየርኩት? ካላመንኩስ፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ የማየውን ሰው እንዴት እንዲያ አደርገዋለሁ? እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ይምታታብኛል። አንድ ቀን ተሳስቼ ነው እላለሁ፤ በማግስቱ ዋሽቼ ነው እላለሁ። ሁለቱም እኔ ነኝ፣ ሁለቱም የተናገሩት በእኔ አፍ ነው።

ስቅለት ዕለት ጋሽ ታደሰ እያረፈ ሲሰግድ ዋለ። ሲያርፍ አየሁት፣ ስግደቴን ቀጠልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በሬውን ባርኮ አረደ። ቆዳውን እየገፈፈ ሳለ ቢላዋውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ፣ ላብ አጠመቀው። "መንጋጋዬ" አለ። 

አልሞተም። በመኪና ጭኜ ትልቁ ሆስፒታል አደረስኩት፤ ኢሲጂ ተነሳ፣ ደሙም ተመረመረ። የተረኛዋ ሐኪም ወረቀቱን ዘርግታ በስዋሂሊ አስረዳችኝ። ልብን ራሱን የሚመግቡት የደም ሥሮች በስብ ጠበዋል፣ አንዱ ጭራሽ ተዘግቷል፤ ለዚህ ያበቁት የዓመታት ሲጋራውና ያልታከመ የደም ግፊቱ ናቸው፤ ደም ያጣው የልቡ ክፍል ሞቷል፣ አይመለስም። በድካም መጥቶ በእረፍት የሚሄደው ሕመም ማስጠንቀቂያ እንደሆነም ነገረችኝ። ቀጥላ "ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ምልክት አልነበረውም? ለማንም አልተናገረም? እስኪ ጠይቅልኝ" አለችኝ።

ወደ ጋሽ ታደሰ ዞርኩ። "አሁን ያምሃል ወይ ትልሃለች" አልኩት። "የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

ለሐኪሟ "የለም ነው የሚለው" አልኳት። እሷም ጻፈችው።

የመጀመሪያው ስህተት ነበር እንበል። ይሄኛውስ? በሬው ታርዷል፣ ፋሲካም አልፏል፣ የሚጠብቀኝ እንግዳ የለም። በዚህኛው ምንም አይምታታብኝም። ራሴን አዳንኩ።

ጋሽ ታደሰ ዛሬ ቢላዋ አይይዝም። አሥር እርምጃ ሄዶ ያርፋል። በሆቴሌ በር ላይ ወንበር አለችው፤ ለገባ ለወጣው ሁሉ "እሱ ባያደርሰኝ ሞቼ ነበር" ይላል። እኔን የሚጠራኝ "አፌ" ብሎ ነው። ቀጠሮው ሲደርስ አሁንም የምወስደው እኔ ነኝ፤ አሁንማ አንዲት ቃል ሳላስቀር እተረጉምለታለሁ። ምን ይጠቅመዋል?

ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተን አልበደልኩም። የበደልኩት ሰው ይህን ስጽፍ እንኳ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል፣ ሳሉ ይሰማኛል። አማርኛ ያውቃል። ይህን ልነግረው አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።