ከወጌሻ የተደበቀ እግር

ያን ቀን በአደም ሱቅ በረንዳ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ሁላችን ካፒቴን የምንለው አሰልጣኝ ኪዳነ፤ ሯጮቹ ሐጎስ፣ ለተ እና ልጄ ትርንጎ፤ በረንዳውን የፈቀደልን ሱዳናዊው ባለሱቅ አደም፤ እኔ ታንጉት፣ የሰሊጥ ዘይቴን በጠርሙስ ይዤ። በኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የሯጮች ወጌሻ ሆኜ ሥራ የጀመርሁት ያን ቀን ነው።

«ሯጮቼን አሽተሽ ለነገ ታደርሺልኛለሽ» አለኝ ካፒቴን።

«ለነገ የማይደርስ ካለስ?»

«ይደርሳል።»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደድሁትም።

የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሙያውን ያገኘሁት ከአባቴ ነው፤ በአርማጭሆ ሰውም ከብትም ይጠግን ነበር። የትርንጎ አባት ከሞተ በኋላ እሷን ይዤ ከሑመራ ተሰደድሁ። ሱዳን እንደገባሁ በቁረይሻ የሰሊጥ አጫጆችን ወገብ አሽ ነበር። አጫጅ ሲያመው ይጮኻል፤ የት እንደሚያመው ወዲያው ይታወቃል። ሯጭ ግን እየሳቀ ይዋሻል።

ጠዋት ከሩጫ ሲመለሱ መጀመሪያ አረማመዳቸውን አያለሁ። ከዚያ አስተኝቼ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ በዘይት አሻለሁ። የጡንቻ ሕመም ሰፊ ነው፤ ሲያሹት ይላላል። የአጥንት ሕመም በአውራ ጣት የሚሸፈን ቦታ ይይዛል። እሱ አይታሽም፤ ይታረፋል። የአካባቢው መሬት ዋልካ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። ወለምታ ሲበዛባቸው ወደ አስፋልቱ ወጡ። አስፋልት ደግሞ ቅልጥም ይበላል።

እረፉ ስለምላቸው ስም አወጡልኝ።

«እማማ እረፉ መጡ! እግራችሁን ደብቁ!» ይላል ሐጎስ።

«አንተ ጉረኛ፣ ተረከዝህ እንዳበጠ ያላየሁ መሰለህ?»

«እሱ እብጠት አይደለም እማማ፣ ጡንቻ ነው።»

«ተረከዝ ላይ?»

ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ከሱቅ እየገዙ ከሩጫ በፊት እንደሚውጡ አውቅ ነበር። እግር ቁም ሲል አፉን ይለጉሙታል። ካፒቴንም እያየ ያልፋል።

አንድ ቀን ገዳሪፍ ላይ ረጅም ሩጫ ይደረጋል ተባለ። ከካምፑ የሚመረጡት ተስሪህ ያገኛሉ። ተስሪህ ከካምፕ መውጫ ፈቃድ ነው፤ ያለ እሱ የወጣን ከኬላ ይመልሳሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያመው ሰው ጠፋ። የሐጎስ ተረከዝ ዳነ። የለተ ጉልበት ዳነ። እኔም ሥራ ፈታሁ።

ትርንጎ ብቻ እየመጣች ትተኛልኝ ነበር። «ግራውን ለተ አሽታልኛለች፣ አንቺ ቀኙን እሺው» ትለኛለች። ቀኙ ምንም አልነበረውም። ደህናውን እግር አሽቼ፣ ፈጣሪን አመስግኜ እተኛ ነበር።

ሩጫው ሲቃረብ አንድ ጠዋት ከቦኖ ውሃ ይዛ ስትመጣ አየኋት። ማንም የማያያት መስሏት ግራውን በጎኑ ትረግጣለች። ጀሪካኑን ተቀብዬ አስቀመጥኋት። ቅልጥሟን ከታች ጀምሬ ዳበስሁ። ከቁርጭምጭሚት አንድ ጋት ያህል ከፍ ብሎ አውራ ጣቴ ሲያርፍ ትንፋሿን ዋጠች። ግንባሯ ላብ አወጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትንሽ ነው፣ እማ።»

«ከመቼ ነው ያልሁሽ!»

«ኸላስ፣ አለፈ እኮ።»

«አጥንት ነው። አትሮጪም።»

«አሁን የምትናገሪው እንደ እናቴ ነው እንደ ወጌሻ?»

«እንደ ሁለቱም!»

«እናቴ ድሮም ስጋት አያጣትም። ወጌሻዋን ላናግራት።»

«ወጌሻዋም አትሮጪም ብላሻለች!»

ወደ ካፒቴን ሄድሁ። ከአደም ጋር ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ትርንጎን ከምርጫው አውጣት። አጥንቷ ተነክቷል።»

«እቴ ታንጉት፣ አንቺ ማንን ሩጥ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«ይሰበራል እልሃለሁ!»

«ሯጭ ሁሉ ያመዋል። እኔ ጥፍሬ ተነቅሎ ሮጫለሁ።»

«ጥፍር ይበቅላል። ቅልጥም ይበቅላል?»

«ወላሂ፣ እውነቷን ነው» አለ አደም።

«አንተ ስኳርህን ሽጥ!» አለው ካፒቴን። ወደ እኔ ዞረና «አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ራሷ ትወስን» አለኝ።

የሩጫ ጫማዋን ደበቅሁ። የለተን አሮጌ ጫማ አድርጋ ሄደች።

ሯጮቹን የወሰደው መኪና ከገዳሪፍ ሲመለስ ሐጎስና ለተ ወረዱ። ትርንጎ የለችም። ካፒቴን ፊቴን አያይም።

«ጨርሳለች» አለኝ። «እያነከሰች ነው፣ ግን ጨርሳለች።»

«የት አለች?»

ወደ መኪናው ተመልሶ ዕቃ ማውረድ ጀመረ። የነገረችኝ ለተ ናት፣ እያለቀሰች። ትርንጎ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ከገዳሪፍ ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ በሚሄድ ሎሪ ተሳፍራለች። ከዚያ ወዴት እንደምትሄድ ለለተም አልነገረቻትም።

«ታውቅ ነበር?» አልሁት ካፒቴንን።

«እቴ ታንጉት፣ እዚህ ለዋንጫ የሚሮጥ ማን አለ? የሚሮጡት ለተስሪሁ ነው። ለዋንጫ የመሰለሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

እግሩ ሥር ምራቄን ተፋሁ። ከዚያ ወዲህ አላናገርሁትም። ሯጮቹን ግን አሻለሁ፤ እግራቸው ምን አደረገኝ?

ንዴቴ በእሱ ብቻ አይደለም። አንዲት ልጅ አንድ ኬላ ለማለፍ በተሰነጠቀ አጥንት ያን ሁሉ አስፋልት መሮጥ አለባት? ይህን ሥርዓት ያወጣውን ሰው አምጡልኝና ቅልጥሙን ልዳብሰው።

ለጀማሪ ወጌሻ የምለው ይህ ነው። ሯጭ ሕመሙን ይደብቃል። ሁለቱንም እግር ዳብሱ፤ የገዛ ልጃችሁ ስትሆን ደግሞ ይበልጥ።

በኸሽም ኤል ቂርባ፣ በከሰላም ሆነ ከዚያ ወዲያ እግር የምታሹ ሁሉ፣ ትርንጎ የምትባል ረዘም ያለች ጠይም ልጅ በግራ እግሯ እያነከሰች ብትመጣባችሁ አሳርፏት። ኡም ራኩባ ላለሁት ለእናቷም ወሬዋን ላኩልኝ።