ሽማግሎቹን ያሻገርሁባት ታንኳ

ባለፈው ሐምሌ ለእናቴ ሙት ዓመት ከሐሙሲት ወደ ወረታ ስሄድ ሚኒባሱ ከተማው ሳይደርስ ቆመ። ጎርፉ አስፋልቱን ተሻግሮ ስለ ነበር ረዳቱ «እስኪጎድል ወርዳችሁ ተንፈሱ» አለን። ወርጄ መንገዱ ዳር ቆምሁ። በልጅነቴ ጓያና ሽምብራ የሚዘራበት ሜዳ ዛሬ ሩዝ ነው፤ ያን ዕለት ግን የሩዙ ጫፍ ብቻ ይታይ ነበር፤ የቀረው ሁሉ ውኃ ነው። እዚያው ዳር ሁለት ጎረምሶች በአንዲት ነጭ የፋይበር ጀልባ ዋጋ ይከራከራሉ። ገዢው፣ ሴቶች ገበያ ላይ ድስት ሲመርጡ እንደሚያደርጉት፣ ጀልባዋን በጣቱ እየቆረቆረ ያዳምጣል።

«ምኑን ታንኳኳዋለህ?» አለ ሻጩ። «ውኃ አትጠጣ፣ አትበሰብስ። ዕድሜ ልክህን ነው!»

ውኃ የማትጠጣ ጀልባ። በእኔ ጊዜ የታንኳ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነበር የሚያልቀው፤ ምን ያህል ውኃ እንደምትጠጣ፣ ከጠጣች በኋላስ ማን እንደሚያደርቃት።

በደርግ ጊዜ ነው፤ መሠረተ ትምህርት በየመንደሩ በተጧጧፈበት ሰሞን። አባቴ ሞቶ ከእናቴ ጋር በወረታ ዳርቻ እንኖር ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ አድማሱ ናቸው፤ የቀረውን ከሱቅ መጠቅለያ ወረቀትና ከሬዲዮ ለቃቅሜ ራሴን አስተማርሁ። ሰው ፊት ብዙ አልናገርም ነበር። ጠማማ ነገር ግን አያስተኛኝም፤ የተጣመመ አጥር፣ የተሳሳተ ፊደል፣ የላላ ቋጠሮ። ያኔ ወረታ ከአዲስ አበባና ከሌላው አገር የመጡ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ ዓሣ ይወዳሉ፤ የሚያመጣላቸው ግን እምብዛም አልነበረም። እኔም ዓሣ ለማስገር ቆረጥሁ።

እናቴ ሰምታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የመሪጌታ ተማሪ የነበርኸው ልጅ፣ አሁን ዓሣ ዓሣ እየሸተትህ ቤተ ስኪያን ልትሳለም ነው?»

ታንኳ ፍለጋ የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ወደሚገባበት ዳር ስመላለስ መኳንንት አብሮኝ ይሄድ ነበር። መኳንንት አብሮ አደጌ ነው። እኔ ዝም የምለውን ያህል እሱ ይናገራል፤ በወጣቶች ማኅበሩም ስብሰባ ሲከፈት የሚጨበጨብለት እሱ ነበር። ከእናቴ ቤት ምሳ ሳይበላ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። ምሥጢሬን ሁሉ የማወራው ለእሱ ብቻ ነበር።

ታንኳ መምረጥ በሬ እንደ መምረጥ አይደለም፤ በሬ ጥርሱ ይታያል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅሙ ሣር፣ በወቅቱ ታጭዶ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። በፀሐይ የተጣደፈው ከላይ ወርቅ መስሎ ውስጡ ይሰባበራል። ስለዚህ እስሩን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ፤ ጎድጎድ ብሎ ከተመለሰ ደግ ነው፣ ጎድጉዶ ከቀረ አልፈው ነበር። ገመዱን ቋጠሮ በቋጠሮ እስባለሁ። ከዚያ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸታለሁ፤ የድርቆሽ ሽታ ከሆነ ደግ፣ ረግረግ ረግረግ ካለኝ ወደሚቀጥለው።

የታንኳዎቹ ሠሪ አያ ይማም፣ ዕድሜያቸውን በሐይቁ ላይ የጨረሱ የወይጦ ሽማግሌ፣ ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር። «ልጄ፣» አሉኝ በመጨረሻ፣ «እኔ ስሠራት ይህን ያህል አላየኋትም።»

«አያ ይማም፣ ይታገሡት፤» አለ መኳንንት። «ታንኳ እንዲህ ከመረጠ፣ ሚስት ሲመርጥማ እኛ አርጅተን እንሞታለን!»

በመጨረሻ ሁለት ታንኳዎች ቀሩኝ። አንዷ ጠባብ፣ ቀላል፣ ለአንድ አስጋሪ የምትበቃ። ሁለተኛዋ ሰፋ ያለች፣ መሐሏ በደረቅ ደንገል ከፍ ተደርጎ የተደለደለ። ልቤ ጠባቧን ነበር። መኳንንት ግን ሰፊዋን ያዝ አለኝ። «ክረምት ሲመጣ ሜዳው ሁሉ ባሕር ነው፤ ሰው ታሻግርባታለህ። ለብቻህ ስታሰግር ልትኖር ነው እንዴ?» ሐሳቡ ጥሩ መሰለኝ። ጤፌን ሸጬ ሰፊዋን ገዛሁ።

አያ ይማም ሲሰናበቱኝ አንድ ነገር መከሩኝ። «ውላ ስትገባ አውጣትና አቁመህ አድርቃት። ውኃ ላይ ያሳደርሃት ዕለት የውኃው ናት እንጂ ያንተ አይደለችም።»

ይህን ቃል እንደ ሕግ ያዝሁት። ሌሎቹ ታንኳቸውን ዳር ላይ አስረው ሲሄዱ እኔ የራሴን ጎትቼ አወጣና ከሾላው ዛፍ ላይ አስደግፌ አቆማታለሁ፤ ውኃዋ እስኪንጠፈጠፍ ድረስም አልሄድም። «ደሴ ታንኳውን ጸሎት ሊያስደርሳት ነው» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። እኔ ግን ጠዋት ሳነሣት እንደ ባዶ ቅርጫት ቀለል ስትለኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ቆሮሶና አምባዛ እየያዝሁ ወረታ ድረስ ተሸክሜ እሸጣለሁ። እናቴም ውሎ አድሮ ለመደችው፤ ቆሮሶውን በኑግ ዘይት ጠብሳ፣ በር ዘግታ፣ ከኔ የበለጠ ትበላ ጀመር።

በዚያው ዓመት ማታ ማታ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። ይታይሽ ከተማሪዎቹ አንዷ ነበረች። መንደሯ ከሜዳው መሐል ከፍ ያለች ጉብታ ላይ ናት፤ በበጋ በእግር ይደረሳል፤ ክረምት ሲገባ ግን ዙሪያዋን ውኃ ይከባትና ደሴት ትሆናለች። «ጸ»ን ገልብጣ ስትጽፍ ከአዳራሹ ጫፍ ሆኜ አያትና ሄጄ አርምላት ነበር። እየሣቀች «ዓይንህ የጭልፊት ነው» ትለኝ ነበር። ከብዙ ፊደል በኋላ፣ ትምህርቱ ለክረምት ሊዘጋ ሲል፣ ከመስቀል በኋላ ውኃው ሲጎድል ሽማግሌ እልካለሁ አልኋት።

«እስከዚያስ ሌላ ቢመጣ?» አልኋት ፈርቼ።

«በክረምት ማን ይመጣል? ውኃው ዘቤ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። በእኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው መንገድ ሲደርቅ ነው፤ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ጭቃ ውስጥ እየዋኘ ልጅ አይጠይቅም። ያን ዕለት ከደስታዬ የተነሣ ቃል በቃል፣ ስለ ዘቡ የተናገረችውን ሳይቀር፣ ለመኳንንት ነገርሁት። ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ።

ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው መኳንንት ቤታችን መጣ። የፊቱ ነገር እንደ ወትሮው ነበር። «ደሴ፣ አንድ ውለታ ዋልልኝ። ይታይሽ መንደር ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ሊፋጁ ነው። መሪጌታና ሁለት ሽማግሎች ለእርቅ መሄድ አለባቸው። የሰዉ ታንኳ ሁሉ ውኃ ጠጥቶ አንድ ሰው እንኳ አይችልም። ያንተ ብቻ ናት ደረቅ።»

በታንኳዬ ኮራሁ። ይህን አልረሳውም፤ ኮራሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱን ሽማግሎች አሳፍሬ በረጅሙ ዘንግ እየገፋሁ ሄድሁ። ዝናቡ ያንጠባጥባል፤ ከሥራችን የጓያ ማሳ፣ የከብት መንገድ፣ የሰው አጥር ያልፋል። መሪጌታ አድማሱ ጥምጥማቸውን ጠቅልለው፣ ጥላ ዘርግተው ደረቁ ድልድል ላይ ተቀምጠዋል፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ጠብታ አልነካውም። ሽማግሌ የሚሄድበትን ጉዳይ መንገድ ላይ አያነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁ። መንደሩ ደርሰው ወደ ይታይሽ አባት ደጅ ሲያቀኑ እንኳ የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ነበር፦ የተከበሩ ሰው ስለሆኑ እርቁ እሳቸው ቤት መሆኑ ነው፤ ታንኳዬንም ያዩልኛል።

ታንኳዋ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ይታይሽ በጓሮ በኩል ወረደች። በጣሳ ጠላ ይዛለች። አላቀበለችኝም።

«መሪጌታ ለምን መጡ?» አለችኝ።

«ለእርቅ። ለድንበር ጠብ።»

«ማንና ማን ተጣላ?»

ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

«ለመኳንንት ነው የመጡት፤» አለች። «እኔን ሊጠይቁ። አሁን አባቴ ፊት ቆመው ልጅህን ለልጃችን እያሉ ነው።»

«አላወቅሁም፣ ይታይሽ።»

«ታንኳው ያንተ፣ ዘንጉ በእጅህ። ሦስት ሽማግሌ ነጭ ለብሶ ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ወዴት እንደሚሄድ አላወቅህም?»

«ለእርቅ ነው ብሎኝ ነው።»

«አንዲት ፊደል ስሳሳት ከአዳራሹ ጫፍ ታየኝ ነበር» አለች። ጣሳውን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ያን ቀን ጀርባዋን እንጂ ፊቷን ዳግመኛ አላየሁም።

ሽማግሎቹ ደስ ብሏቸው ወጡ። አባትየው «ዘመድ ላማክር፤ ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ተመለሱ» ብለዋቸዋል፤ ይህ በእኛ አገር ከእሺታ አይርቅም። መሐል ሜዳው ላይ ስንደርስ መሪጌታ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «ለጓደኛህ እንዲህ የደከምህ እግዜር ይስጥህ። ያንተ ጊዜ ሲደርስ ማንንም እንዳትለምን፤ እኔው ራሴ ነኝ የምሄድልህ።»

«እሷስ ተጠየቀች፣ መሪጌታ?» አልሁ።

ሦስቱም ሣቁ። ሌላው ሽማግሌ «ኧረ ይህ መሠረተ ትምህርት ልጆቹን አበላሻቸው!» አሉ።

ያን ጊዜ ብናገርስ? ደጋግሜ አስቤዋለሁ። በሽማግሌ ላይ ሽማግሌ አይላክም። የመጀመሪያው መልስ ሳያገኝ ሌላ የላከ ሰው፣ ልጅቷን ብቻ ሳይሆን የሄዱትን ሽማግሎች ሰድቧል። በሩ ተዘግቷል፤ ያሻገርሁትም ቁልፉን ነበር።

መኳንንት ሾላው ሥር ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሽማግሎቹ እስኪርቁ ጠብቄ፣ «ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«ብነግርህ ታሻግራቸው ነበር?»

«አላሻግርም።»

«ታዲያ እንዴት ልንገርህ?» አለኝ። ቀልዱን አልነበረም፤ ነገሩ ለእሱ እንዲህ ግልጽ ነበር። «አንተ ሁሉን ነገር አገላብጠህ፣ አሽትተህ፣ ጊዜ ጠብቀህ ነው የምትነሣ። ሰው እስከ መስቀል አይቀመጥልህም፣ ወንድሜ።»

ሰፊዋን ታንኳ ሲያስመርጠኝ ያኔ አስቦት ነበር ወይ? አይመስለኝም። ያኔ ይታይሽን አያውቃትም። ግን የእንዲህ ያለ ክዳት አንዱ ክፋቱ ይህ ነው፤ ያለፈውን ደግ ቀን ሁሉ እያነሣህ ታሸታለህ።

ያን ቀን ታንኳዬን አላወጣኋትም። ውኃው ላይ ትቻት ገባሁ፤ በማግሥቱም፣ በሚቀጥለውም። ፍልሰታ ሲፈታ ሽማግሎቹ ተመልሰው ሲመጡ ታንኳዋ እስከ ጠርዟ ሰምጣ አገኟት። መሪጌታ ታንኳዋን አይተው እኔን ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። የኔ መቅረት ምንም አላስቀረም፤ መኳንንት በቅሎ ለምኖ፣ ውኃው እስከ ኮርቻ እየደረሰ፣ ሽማግሎቹን ወደ ጉብታው አሻገራቸው። በመስከረም ውኃው ሲሸሽ ታንኳዬ ጭቃው ላይ ቀረች፤ የሜዳው ከብቶች ደንገሏን እየነጩ በሏት። ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። እኔ ከጥር በፊት ሐሙሲት ገብቼ፣ እንደ ፊደሉ ሁሉ ራሴን አስተምሬ፣ ሬዲዮ መጠገን ጀመርሁ። እስካሁንም እዚያው ነኝ።

ከመኳንንት ጋር ኩርፊያው ዓመታት ቆየ፤ ከዚያ በለቅሶና በሠርግ እየተገናኘን ሰላምታ ጀመርን። ሰው ያረጃል። ይቅር ብዬዋለሁም ብዬ አምን ነበር። ያጽናናኝ የነበረውም አንድ ሐሳብ ነው፦ ይታይሽ የከዳኋት እኔ እንደሆንሁ አምናለች። የተወችውን ሰው የጠላች ሴት፣ ያገባችውን ሳትጠራጠር በሰላም ትኖራለች። ስሜ ጠፍቶም ቢሆን ትዳሯ ደኅና ነው እያልሁ ስንት ዓመት ኖርሁ።

እንግዲህ ባለፈው ሐምሌ፣ ጎርፉ ጎደል ብሎልን ወረታ ስደርስ፣ ሙት ዓመቱ ድንኳን ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። መኳንንት ወንዶቹ መሐል ያወራል። ይታይሽ እንጀራ የያዘ መሶብ ተሸክማ አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። ፀጉሯ ከነጠላዋ ሥር ነጭ ሆኗል።

«ደሴ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እናትህ ሳይሞቱ ልነግርህ አስቤ ነበር። ያን ቀን አላወቅሁም ያልኸኝ እውነትህን ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«እሱው ነዋ። በሠርጋችን ሳምንት። በገዛ ታንኳህ እንዴት አድርጎ እንዳስገፋህ እየሣቀ ነው የነገረኝ። እንድሥቅለት ነበር የፈለገው።»

«ምን አልሽው?»

«ሣቅሁለት» አለች። «ቤቱ ገብቻለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?» መሶቡን ሽቅብ አድርጋ ወደ ሴቶቹ አለፈች።

በዚህ መሐል መኳንንት አየኝና አጠገቡ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገ። «ደሴ! ና እንጂ፣ ቦታ ይዤልሃለሁ!»

አልሄድሁም። እስካሁን ይቅር ያልሁት በኔ ላይ የተደረገውን ነበር። የእሷን ይቅር የማለት ሥልጣን ግን ማንም አልሰጠኝም። ሰዉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ድንኳኑ መሐል ቆሜ ቀረሁ።